የፍሪሲዮን አየር ማውጣት ምንድን ነው?

«አብሽር፣ አየር ነው፤ አውጥተን እንለቅሃለን።» ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከማርሹ የሚለየው ክፍል፣ አልሠራ ብሎ ማርሽ አልገባ ያለው የጭነት መኪና ሹፌር ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንን ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ሐረጎ ከፍታ ስለሆነ መኪናው ሲወጣ አየር ይስባል» እያለ ሲያስረዳ ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

ሐረጎ አየር አያስገባም። ጎሚኒው (ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው የፒስተኑ ላስቲክ) እና ቧንቧው ጤነኛ ከሆኑ ዳገት ስለወጣህ ወደ መስመሩ የሚገባ አየር የለም። ሐረጎ የሚያደርገው በየጥምዝምዙ ማርሽ ስለሚያስቀይርህ፣ ሜዳ ላይ ያልታወቀህን ችግር ማጋለጥ ነው።

አየር ማውጣት ማለት ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ማስተር ፍሪሲዮኑን እስከሚያላቅቀው ታችኛው ሲሊንደር ድረስ ባለው ዘይት መሐል የገባውን አየር አስወጥቶ መስመሩን ዘይት ብቻ ማድረግ ነው። ቆሞ የቀረ መኪና ሰዎች ተከታትለው አንዱ የሌላውን ጀርባ ሲገፉ አስቡ። የኋለኛው ጉልበት ፊተኛው ዘንድ ይደርሳል። መሐላቸው የጥጥ ፍራሽ ብታስገቡ ግን የኋለኛው ሲገፋ ፍራሹ ይጨመቃል እንጂ መኪናው አይነቃነቅም። ዘይት ሰዎቹ፣ አየር ፍራሹ ነው። ፍራሹን ማውጣት ደግ። ግን ማን አስገባው? በሩ ክፍት ከሆነ ነገም ሌላ ፍራሽ ይገባል።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ አየር ማውጣት የጥገናው መጨረሻ እንጂ ጥገናው አይደለም። ጎሚኒ ወይም ቧንቧ ቀይረህ መስመሩን ስትከፍት አየር ይገባል፤ ስለዚህ ታወጣዋለህ። ምንም ሳይፈታ አየር ከተገኘ ግን የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልግ።

ባለፈው ክረምት ከባቲ ጭኖ የመጣ ሹፌር በአንድ ሳምንት ሦስት ቦታ አየር አስወጥቶ ሦስቴም ከፍሏል። መኪናው ሥር ገብቼ የታችኛውን ሲሊንደር የአቧራ መከላከያ ላስቲክ በጣቴ ገለጥ ሳደርገው፣ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ዘይት በእጄ አንጓ ላይ ወረደ። ጎሚኒው አልቋል። ሦስቱም ያንን ላስቲክ አልገለጡም።

«ዘይቱ ቀነሰ፣ ጨምርበት» የሚል አለ። ፍሬን ላይ ሸራው ሲያልቅ ዘይቱ ይወርዳል፤ እውነት ነው። በራሱ በሚስተካከል ፍሪሲዮን ግን ዲስኩ ሲያልቅ ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ዘይቱ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ከወረደ እየፈሰሰ ነው።

አሠራሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ረዳቱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ የአየር ማውጫውን ቡሎን ትከፍታለህ፣ ትዘጋለህ። የሚበላሸው ቡሎኑ ሳይዘጋ እግሩን ሲያነሳ ነው፤ ያወጣኸውን መልሶ ይስባል። «ያዝኩ» ሳይልህ አትክፈት፣ «ዘጋሁ» ሳትለው አያንሳ። ግልጽ ቱቦ ሰክተህ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከረው፤ አረፋውን በዓይንህ ታየዋለህ። ላይ ያለው የዘይት ዕቃም እንዳይጎድል፤ ከጎደለ ከላይ አዲስ አየር ትጭንበታለህ።

በነፋስ የሚታገዝ ሰርቮ (የፔዳሉን ጉልበት የሚያግዝ ክፍል) ባላቸው ትልልቅ መኪኖች ሌላ ጣጣ አለ። የሰርቮው ውስጥ ጎሚኒ ካለቀ የታንከሩ ነፋስ ወደ ዘይቱ ሊያልፍ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ስታወጣ አረፋው ካላለቀ፣ ወይም ከሰርቮው የነፋስ መውጫ ዘይት ካየህ፣ ረዳቱን አታድክም፤ ሰርቮውን አውርድ።

በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ዘይት የሚጨምሩም አሉ። ለፍሬን ዘይት የተሠራ ጎሚኒ በሞተር ዘይት ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀየረው አንድ ጎሚኒ ሳይሆን የመስመሩ ላስቲክ በሙሉ ነው። የዘይት ዕቃው ክዳን ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ዓይነቶች) ካለ እሱኑ ጨምር። የተከፈተ ጠርሙስ ግን ከአየሩ እርጥበት ስለሚጠጣ ከወራት በኋላ ለሚመጣ መኪና አታስቀምጠው። አንዳንድ መኪና ደግሞ ሌላ ዓይነት ዘይት ስለሚጠቀም ክዳኑን ሳታነብ ምንም አታፍስ።