ከፎም የሚሠራ የድንጋይ ግንብ፦ በሞዴል ባቡር ሥራ የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሞዴል ባቡር መስመር የሚሠራ ሰው ሐዲዱን ዘርግቶ ብዙም ሳይቆይ ግንብ ያስፈልገዋል። መስመሩ ኮረብታ ሲቆርጥ አፈሩን የሚይዝ የድጋፍ ግንብ፣ ዋሻ ሲገባ የዋሻው አፍ፣ ወንዝ ሲሻገር ድልድዩን የሚሸከም ግንብ መኖር አለበት። ለዚህ ሁሉ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የፕላስቲክ ወይም የጄሶ ግንብ መግዛት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ለሕንፃ ሙቀት መከላከያ ከሚውለው ጠጣር ፎም የተረፈ ቁራጭ፣ አንድ እርሳስና ጥቂት በውሃ የሚቀጥን ቀለም ያንኑ ሥራ እጅግ ባነሰ ወጪ ይሠራሉ። ሥራው ለመጀመር ቀላል በመሆኑ ስለ እርሱ የሚነገረው ምክርም ብዙ ነው። ከዚህ ምክር ውስጥ ሲደጋገም እውነት የመሰለው ግን ጥቂት አይደለም።

«ፎም ሁሉ አንድ ነው»

ብዙ ጀማሪዎችን ገና ከመነሻው ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ አመለካከት ነው። ለዕቃ ማሸጊያ የሚውለው ነጭ ፎምና ለግድግዳ ሙቀት መከላከያ የሚውለው ጠጣር ፎም ሁለቱም ከፖሊስታይሪን የሚገኙ ቢሆኑም አሠራራቸው ይለያያል። ነጩ ፎም የሚሠራው ትንንሽ ፍሬዎች በእንፋሎት አብጠው እርስ በርሳቸው እንዲጣበቁ በማድረግ ነው፤ ስለዚህ በቢላ ሲነካ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ እየተፈለቀቁ ይወጣሉ። የእነዚህ ፍሬዎች ስፋት ጥቂት ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ በሚያንስበት (1፡87) በኤችኦ ስኬል ከአንድ የግንብ ድንጋይ ጋር ይቀራረባል፤ ሠሪው ድንጋይ ልቅረጽ ሲል ፎሙ የራሱን ክብ ፍሬ ያወጣበታል ማለት ነው። ጠጣሩ ፎም ግን ቀልጦ፣ በጋዝ ተነፍቶ፣ በቅርጽ ማውጫ በኩል እየተገፋ የሚወጣ ወጥ አካል ነው። በውስጡ ያሉት የአየር ክፍሎች ጥቃቅንና ዝግ ስለሆኑ በእርሳስ ጫፍ የተጫነበትን መስመር ሳይሰነጠቅ ይዞ ይቀራል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ክርክርም አለ፤ ሮዙ ፎም ከሰማያዊው ይሻላል ወይስ ሰማያዊው ከሮዙ የሚል። ቀለሙ የአምራቹ መለያ ከመሆን አያልፍም። ልዩነት የሚያመጣው እፍጋቱ ነው፤ እፍጋቱ ከፍ ያለ ፎም ቀጭን መስመርን በተሻለ ሁኔታ ይይዛል። ስስ ግንብ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በሁለት ወረቀቶች መካከል ያለ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፎም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ወረቀቱ በውሃ ረጥቦ ጥቂት ከቆየ በኋላ በጥንቃቄ ሲላጥ ለስላሳና ለመቅረጽ የተመቸ ገጽ ይወጣል።

«መጋጠሚያው በጥልቀት ሲቆረጥ ግንቡ ይበልጥ እውነተኛ ይመስላል»

ይህን የሚሉ ሰዎች የሚያስቡት ስለ ፎሙ እንጂ ስለ ግንቡ አይደለም። በተጠረበ ድንጋይ በተሠራ ግንብ ላይ በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለው መጋጠሚያ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው እንበል። ይህ መጠን ለ87 ሲካፈል ከ0.12 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ይኸውም ጥሩ እጅ ያለው ሰው በሹል እርሳስ ከሚያሰምረው መስመር እንኳ ይቀጥናል። 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የእስክሪብቶ መስመር በእውነተኛው ዓለም 8.7 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይሆናል። በካተር ተቆርጦ ወደ ላይ የተከፈተ የ2 ሚሊ ሜትር ቦይ ደግሞ ከ17 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ክፍተት ያለበት ግንብ በእውኑ ዓለም ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ሊፈርስ ይችላል።

ስለዚህ መጋጠሚያው አይቆረጥም፤ ይጫናል። 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ጫፉ የሚተካ (ሜካኒካል) እርሳስ ለኤችኦ ስኬል በእጅ ከሚገኙት መሣሪያዎች ሁሉ የተሻለው ነው፤ በሚያዘነብል አቅጣጫ ተይዞ ቀስ ተብሎ ሲጎተት ፎሙን ሳይቧጥጥ ያሰምጠዋል። በጣም ቀጥ ብሎ ሲያዝና ሲቸኩሉበት ግን ጫፉ ፎሙን እየነከሰ ፍርፋሪ ያወጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ድንጋይ ከሌላው ለመለየት ጥልቅ መስመር አያስፈልግም፤ አንዳንዱን ድንጋይ በእርሳስ ጀርባ ወይም በጠፍጣፋ እንጨት ጫን አድርጎ ከጎረቤቱ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ብርሃን ከላይ ሲያርፍበት ጥላው በራሱ ድንጋዩን ይለየዋል። የድንጋዩን ገጽ ሻካራ ለማድረግ ደግሞ የተጨማደደ የአልሙኒየም ፎይል ኳስ ወይም እውነተኛ ሻካራ ጠጠር በፎሙ ላይ ማንከባለል ነው፤ አንድ ዓይነት ምልክት እንዳይደጋገም ኳሱ በየጊዜው መዞር አለበት።

ለካብ ጉዳይ ግን ፍርዱ ይለያል። ያለ ስሚንቶና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ በሚሠራ ካብ ላይ ክፍተቶቹ ሰፋ ያሉና ጥቁር ጥላ ያለባቸው ናቸው፤ እዚያ ላይ ጠለቅ ማድረግ ትክክል ነው። ካብና ግንብ ለየቅል መሆናቸውን ሳይወስኑ መቅረጽ መጀመር ነው ስህተቱ።

«የተፈጥሮ ድንጋይ ሥርዓት የለውም፤ እንደመጣልህ ቅረጽ»

ከሁሉ በላይ መቆየት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቀለሙም ሆነ ገጹ ያማረ ግንብ ዓይንን የሚያስከፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስህተት ነው። ድንጋዩ የተፈጥሮ ነው፤ ግንቡ ግን የግንበኛ ሥራ ነው። ግንበኛ ደግሞ ድንጋይ የሚያስቀምጠው ክብደት ወዴት እንደሚወርድ አስቦ ነው። አንድ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት ቀጥ ያሉ መጋጠሚያዎች አንዱ በሌላው ላይ ከተሰለፉ ግንቡ በዚያ መስመር ይሰነጠቃል። በሞዴል ላይ የሚሰነጠቅ ነገር ባይኖርም፣ ግንብ ሠርቶ የማያውቅ ተመልካች እንኳ ሦስት አራት መጋጠሚያ በአንድ መስመር ሲወርድ ሲያይ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ላይናገር ይችላል።

የድንጋዮቹ መጠንም ዘፈቀደ አይደለም። ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ በኤችኦ 3.4 ሚሊ ሜትር፣ 1፡160 በሆነው በኤን ስኬል 1.9 ሚሊ ሜትር፣ በአሜሪካውያኑ 1፡48 የኦ ስኬል ደግሞ 6.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጀማሪ ሠሪ በኤችኦ ግንብ ላይ 8 እና 10 ሚሊ ሜትር ድንጋይ በቀላሉ ይቀርጻል፤ ይህም ከሰባ እስከ ሰማንያ ሰባት ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ያለ ማንሻ የማይነሣ ቋጥኝ ነው። ይህን ለማስወገድ የሚረዳው ዘዴ ተራ ነገር ነው፤ የአንድን ሰው ሞዴል ከፎሙ ጎን አቁሞ፣ ይህ ሰው ይህን ድንጋይ ሊያነሣ ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ። ትልልቆቹ ድንጋዮች ከታችና ከማዕዘን፣ ትንንሾቹ ከላይና ከመሐል ሲሆኑ ግንቡ በእግሩ የቆመ ይመስላል። የማዕዘን ድንጋዮች ደግሞ በአንድ ረድፍ ረጅሙ ጎን በአንድ ፊት፣ በቀጣዩ ረድፍ በሌላው ፊት እየታየ ይፈራረቃሉ፤ ስለዚህ መጋጠሚያው በማዕዘኑ ላይ ዞሮ ወደ ጎን መቀጠል አለበት። ፎሙ በተቆረጠበት ጫፍ ላይ መስመሩ ድንገት ሲቆም ግንቡ ወዲያው ልጣፍ መሆኑ ይጋለጣል።

የድጋፍ ግንብ ከሆነ ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። አፈር የሚገፋው ግንብ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ ከ8 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ያጋድላል። 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ሞዴል ላይ ይህ ከ5 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሥሩ ሽብልቅ ፎም በማስገባት ብቻ ይገኛል። ከግንቡ ኋላ የሚጠራቀመው ውሃ እንዲወጣ ከታች በኩል ተራርቀው የሚቀመጡ ቀዳዳዎች፣ ከላይ ደግሞ ዝናብ ወደ ግንቡ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል፣ ከፊቱ ጥቂት ወጣ ያለ የክዳን ድንጋይ ያስፈልጋል። የዋሻ አፍ ሲሠራም የቅስቱ ድንጋዮች እንደ ሽብልቅ ወደ ቅስቱ መሐል የሚጠቡ መሆን አለባቸው፤ በአናቱ ላይ አንድ ቁልፍ ድንጋይ የሚያርፍበት ከሆነ ጠቅላላ ቁጥራቸው ጎዶሎ ይሆናል። ቅስቱን ከመቅረጽ በፊት በወረቀት ላይ መክፈል ይገባል፤ በዓይን ግምት ተጀምሮ በትክክል የገጠመ ቅስት እስካሁን አልሠራሁም።

«ድንጋይ ግራጫ ነው፤ በግራጫ ቀብቶ በጥቁር ማጠብ ይበቃል»

አንድ ግራጫ የተቀባ ግንብ የሚመስለው ስሚንቶ ነው። ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ድንጋይ እንኳ ግማሹ ወደ ቡኒ፣ ግማሹ ወደ ቢጫ፣ ጥቂቱም ወደ ሰማያዊ ያደላል። መጀመሪያ መካከለኛ የሆነ አንድ መሠረታዊ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያም በዚያው ቀለም ላይ ጥቂት ነጭ፣ ጥቂት ቡኒ፣ ጥቂት ቢጫማ እየጨመሩ ከአምስት ድንጋይ አንዱን ያህል ለየብቻው መንካት ነው። በክፍል መብራት ሥር ያለ ትንሽ ነገር ከእውነተኛው ይልቅ ጨልሞ ስለሚታይ ቀለሙ ሁሉ ሠሪው ካሰበው ጥቂት ቢፈዝ ይሻላል።

በጥቁር ማጠብ የሚባለው፣ ማለትም በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም በግንቡ ላይ አፍስሶ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ እንዲቀር ማድረግ፣ ለካብ ይስማማል። በኖራ የተያያዘ ግንብ ላይ ግን መጋጠሚያው ብዙውን ጊዜ ከድንጋዩ የሚፈዝ እንጂ የሚጠቁር አይደለም። ስለዚህ ድንጋዮቹ ተቀብተው ከደረቁ በኋላ ቀለል ያለ የግድግዳ ስቱኮ በውሃ ቀጥኖ በጣት ይታሻል፤ ወዲያውም የድንጋዩ ገጽ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው እርጅና ምክንያት ሊኖረው ይገባል፤ ከውሃ ማስወጫው ቀዳዳ ሥር የሚወርድ ጥቁር አረንጓዴ መስመር፣ ፀሐይ በማታየው በኩል ያለ የድንጋይ ሽበት፣ የእንፋሎት ባቡር በሚያልፍበት ዋሻ ቅስት አናት ላይ የተለጠፈ ጥላሸት። የኤሌክትሪክ ባቡር ብቻ በሚያልፍበት አዲስ መስመር ላይ ያ ጥላሸት ከየት መጣ?

«ቀለም ቀለም ነው፤ ኮላም ኮላ ነው»

የመጀመሪያ ግንቤን በሚረጭ የቆርቆሮ ቀለም ቀባሁትና ዓይኔ እያየ እንደ ማር ወለላ ተበሳሳ። ፖሊስታይሪን በአሴቶን፣ በቲነርና በመሳሰሉት ማሟሟያዎች ይቀልጣል፤ አብዛኛው የሚረጭ ቀለምና ሁለቱም ወገን ተቀብቶ የሚጣበቅ ብርቱ (ኮንታክት) ኮላ ደግሞ እነዚህን ይይዛል። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ፎሙን አይጎዳውም፤ ለማቅጠኛ የሚውል የሕክምና አልኮልም አያቀልጠውም። በመሠረታዊው ቀለም ውስጥ ጥቂት ነጭ የእንጨት ኮላ ሲጨመር ገጹን ያጠነክረዋል። ፎሙ ከፋብሪካ ሲወጣ ያለው አንጸባራቂ ልጣጭ ቀለም ስለሚገፋ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት መነካት አለበት።

ነጩ የእንጨት ኮላ ፎምን ከፎም ጋር አያጣብቅም የሚሉም አሉ። ያጣብቃል፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገን ውሃ ስለማያሳልፍ በመሐል የታሰረው ኮላ ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። በስሱ ቀብቶ፣ ጥቂት አናፍሶ፣ በመርፌ ወይም በክብደት ይዞ መተው ነው።

«ፎም ምንም ጉዳት የለውም»

በእጅ ሲቀረጽ እውነት ነው። በጋለ ሽቦ ሲቆረጥ ግን የሚወጣው ጭስ መተንፈስ የለበትም። ፖሊስታይሪን 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሚለሰልስ ሽቦው እጅግ መጋል አያስፈልገውም፤ የሚታይ ጭስ ከወጣ ሙቀቱ አልፏል ማለት ነው። መስኮት ተከፍቶ፣ የእሳት ነበልባልም ርቆ ይሠራል። ሲፈገፈግ የሚወጣው አቧራ በኤሌክትሪክ ኃይል በየነገሩ ላይ ስለሚለጠፍና ወደ ሳንባ ስለሚገባ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ይህ አቧራ በሐዲዱና በሎኮሞቲቩ ማርሽ ውስጥ ከገባም ለቀናት ያስቸግራል፤ ስለሆነም መቅረጽና መፋቅ ከመስመሩ ርቆ ቢሆን ይመረጣል።

«ርካሽ ስለሆነ ከተገዛው ያንሳል»

በትልልቅ ድንጋዮች፣ በካብና በተጎዳ አሮጌ ግንብ ላይ ፎም ከተገዛው ይበልጣል፤ ምክንያቱም የፋብሪካ ቅርጽ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ራሱን ይደግማል፣ የእጅ ሥራ ግን አይደግምም። ከጄሶ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ይህም ወዲያና ወዲህ ለሚጓጓዝ መስመር ትልቅ ነገር ነው። በኤን ስኬል ጠርዙ ጥርት ያለ ጥርብ ድንጋይ ከተፈለገ ግን የፕላስቲኩ ሉህ እንደሚሻል መካድ አይገባም። በ2 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ላይ ጥርት ያለ ጠርዝ የማውጣት አቅም ፎሙ የለውም።

«ከተቀባ አለቀ»

በግንቡና በመሬቱ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ከታየ ግንቡ የተቀመጠ እንጂ የተሠራ አይመስልም። የታችኛው ረድፍ በከፊል እንዲቀበር ግንቡን ከሚታየው ከፍታ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝሞ መቁረጥና ወደ መሬቱ ማስገባት፣ ከዚያም አፈርና ጠጠር በኮላ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ከማጣበቅ በፊት ግን በመስመሩ ላይ ያለው ረጅሙ ሠረገላና ትልቁ ሎኮሞቲቭ በዝግታ በግንቡ ጎን ይነዱ። በመታጠፊያ ላይ የረጅም ሠረገላ መሐል ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ደግሞ ወደ ውጭ ስለሚወጡ፣ በቀጥታ መስመር ላይ በቂ የነበረው ክፍተት እዚያ ላይ ላይበቃ ይችላል። በፎሙ ላይ የቀለም ጭረት ከታየ ግንቡን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ ኮላው ከደረቀ በኋላ ግን መጋዝ ይጠይቃል።