«ለወንድሙ አደራ ብያለሁ» እና ሌሎች በየሳምንቱ የምሰማቸው ስህተቶች

አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላቸው ወላጆች የሕግ ምክር ወደምሰጥበት ቢሮዬ መጥተው አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳይናገሩ አይወጡም፦ «ለወንድሙ አደራ ብያለሁ።» እናቶች ሲሉት ዕንባ ይቀድማቸዋል፤ አባቶች ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ይመስል እጃቸውን ያራግፋሉ። እኔ ወንበሬ ላይ መቁነጥነጥ እጀምራለሁ። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ ቀለል ያሉትን መጀመሪያ ከመንገድ ላንሳ።

«አካል ጉዳተኛ ሁሉ ከመንግሥት ወርኃዊ አበል አለው።» የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) መንግሥት ድጋፍና ማቋቋሚያ እንዲያደርግ ሲደነግግ የአገሪቱን አቅም መለኪያ አድርጎ ነው። በሴፍቲኔት የሚሰጠው ቀጥተኛ ድጋፍም ጉልበት ለሌላቸው ድሆች ነው፤ የሚመዘነው ድህነቱ እንጂ ጉዳቱ ብቻ አይደለም።

«መወጣጫ የባለ ሕንፃው ደግነት ነው።» በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀምም ሆነ ደረጃ መውጣት ለሚያቅተው ሰው መግቢያ እንዲኖረው አስገድዷል። ደረጃው ሥር ቆማችሁ «እባክዎ» ማለት ይብቃችሁ።

«በሥራ ላይ የተጎዳው በራሱ ጥፋት ስለሆነ ካሳ የለውም።» በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሰክሮ ሥራ መግባትን የመሳሰሉ በሕጉ የተቆጠሩ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው ከዚህ የሚወጡት።

«አድልዎ እንደተፈጸመብህ ማስረጃ ከሌለህ አትክሰስ።» ይህን የሚመክሩ የሕግ ባለሙያዎችም አሉ፤ ያሳፍራል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የማስረዳት ሸክሙን ያዞረዋል። ተበዳዩ አድልዎ እንደነበረ የሚያመለክት ነገር ካቀረበ፣ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት ቀጣሪው ነው። ይኸው አዋጅ ቀጣሪው ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግም፣ ማለትም ሥራውንና የሥራ ቦታውን ለጉዳቱ እንዲስማማ እንዲያስተካክልም ያስገድዳል።

«ዓይነ ስውር ምስክር ካላመጣ አይፈርምም።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ጊዜ ዓይነ ስውር የሆነ የዩኒቨርሲቲ መምህር አጅቤ ባንክ ሄድኩ። ሒሳብ የሚከፍተው እሱ ነው፤ ሠራተኛዋ ግን ወደ እኔ ዞራ «ወንድሙ ነህ?» አለችኝ። ቀጥላም «ስሙን ንገረኝ» አለች። ስሙን ራሱ ነገራት። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ፍትሐ ብሔር ሕጉን ጠቀሰልን፤ ቁጥሩን እንኳ አልሳተም። ቁጥር 1728 ንዑስ ቁጥር 3 የዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ በሥራው ላይ ባለ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካልተረጋገጠ ሰውየውን አያስገድደውም ይላል። ማንን ነው የማያስገድደው? ዓይነ ስውሩን! ያላነበበው ወረቀት ዕዳ እንዳይሆንበት የተጻፈ ነው። ወንድም ይምጣ፣ ጎረቤት ይመስክር፣ ሒሳብ አይከፈት የሚል ቃል የለበትም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛው የገንዘብ ጉዳዩን ራሱ የማስተዳደርና እንደማንኛውም ሰው የባንክ ብድር የማግኘት መብት እንዳለው ያስቀምጣል። የተከለከላችሁ ጊዜ ክልከላውን በጽሑፍ ስጡን በሉ። ያን ዕለት እኛም ይህንኑ ስንጠይቅ ሒሳቡ በሃያ ደቂቃ ተከፈተ።

«ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የአባት ቀለብ ይቋረጣል።» ሠርቶ መተዳደር ለማይችል ልጅ አይቋረጥም። በቤተሰብ ሕጉ (የፌዴራሉን ቁጥር 213/1992 ማለቴ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው) የመቀለብ ግዴታ በወላጅና በልጅ መካከል ዕድሜ አይገድበውም። ወሳኙ ጠያቂው ችግረኛ መሆኑና ሠርቶ ማደር አለመቻሉ ነው። ወንድምና እህትም እርስ በርስ ይህ ግዴታ አለባቸው። የወንድም ልጆች ግን የለባቸውም። ይህችን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ወላጆቹ ልመለስ። ስህተቱ የሚጀምረው «ልጄ አዋቂ ቢሆንም የምወስንለት እኔ ነኝ» ከሚለው ነው። 18 ዓመት ሲሞላ አሳዳሪነትም ሞግዚትነትም ያበቃል፤ ልጁ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ቢኖርበትም እንኳ። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ማንኛውም ሰው ችሎታ፣ ማለትም በራሱ ጉዳይ የመወሰን የሕግ አቅም፣ እንዳለው ይገምታል፤ የለውም የሚል ያስረዳ ይላል። ችሎታን የሚያነሳው በፍርድ ቤት የሚሰጥ የፍርድ ክልከላ ነው እንጂ የሐኪም ወረቀት፣ ያውም የእናት ቃል አይደለም። ታዲያ ይህን የሰሙ ቤተሰቦች በማግስቱ «ክልከላ አውጣልን» ብለው ይመጣሉ። ቆይ! በፍርድ የተከለከለ ሰው ከዚያ በኋላ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም፤ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማግባትም አይችልም። አንዲት እናት ዳውን ሲንድሮም ያለባትን ልጇን አንድ የባንክ ጉዳይ ለማስፈጸም ስትል ብቻ ልታስከለክል መጥታ ነበር። ልጅቷን አነጋገርኳት። ምን እንደምትፈልግ ከእናቷ አሳጥራ ነገረችኝ። ውክልና ሰጥታ ጉዳዩ አለቀ። ውክልና ግን ከሰጪው ሞት በኋላ አይሠራም፤ የሟች ውክልና ይዛችሁ በየቢሮው የምትዞሩ ወረቀቱን አስቀምጡት።

አደራውስ? ከዓመታት በፊት የደረሰኝን ጉዳይ ልንገራችሁ። አንድ አባት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ታናሹ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት። አባትየው በሕይወት እያለ ቤቱን ለታላቁ በስጦታ አዛወረና አምስት ሽማግሌ ሰብስቦ «ወንድምህን አደራ» አለ። ሁሉም አለቀሰ፣ ተመረቀ፣ ተበላ። ታላቁም ቃሉን አላጠፈም፤ ወንድሙን አሥራ አንድ ዓመት በክብር ያዘው። ከዚያ ታመመና ሞተ።

ቤቱ ለሟቹ ልጆች ወረደ። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ሦስት ናቸው፣ አንድ ቤት ለሦስት አይበቃምና ሸጠው ሊካፈሉ ፈለጉ። አጎታቸውን የመቀለብ ግዴታ በሕግ የለባቸውም። ሰውየው የልብሱን ሻንጣ ይዞ ቢሮዬ ተቀመጠ። አደራው የት ተጻፈ ብዬ ብጠይቅ የሽማግሌዎቹን ስም ቆጠሩልኝ። ከአምስቱ አራቱ ሞተዋል። ወላጆች ሁልጊዜ የሚፈሩት ክፉ ወንድምን ነው፤ እኔ በሥራዬ ያየሁት ግን በብዛት ቀድሞ የሞተ ደግ ወንድም ነው።

«በስጦታ ባይሆን ተናዝዤ እሞታለሁ» የሚሉም አሉ። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ከቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ከመሰየምና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ከማይበልጡ ስጦታዎች አያልፍም። ቤት በቃል አይናዘዝም! በጽሑፍ ይሁን። ራሳችሁ በእጃችሁ የጻፋችሁት ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። በግልጽ የሚደረገው በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። መነበቡ ራሱ ጽሑፉ ላይ መስፈር አለበት፤ በዚህች አንዲት መስመር ጉድለት የፈረሱ ኑዛዜዎች አውቃለሁ። ጡረታ ግን አትናዘዙ፤ ተተኪዎችን የሚቆጥረው ሕጉ ነው።

ኑዛዜው ምን ይበል? ወላጆች የማያውቁት ቃል አለ፦ አላባ። የቤቱን ባለቤትነት ለታላቁ፣ የአላባ ጥቅሙን ለታናሹ መስጠት ይቻላል። ታናሹ በሕይወት እስካለ ድረስ ይኖርበታል ወይም ኪራዩ ለእሱ ይሆናል። ታላቁ ቢሞት፣ ቢፋታ ወይም ቤቱን ቢሸጥ መብቱ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። የቤቱ ማኅደር ባለበት መሥሪያ ቤት ይመዝገብ፤ ገዢው «አላወቅሁም» እንዳይል። የኑዛዜ አስፈጻሚም ሰይሙ፤ ከወራሾቹ ሌላ ቢሆን ይመረጣል። ኑዛዜው ላይ የታናሹን ስም መተው ደግሞ ከውርስ መንቀል አይደለም። ልጅን የሚነቅል በግልጽና በበቂ ምክንያት ይነቅላል፤ ምክንያቱንም ፍርድ ቤት ይመዝነዋል። አካል ጉዳት ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ኑዛዜውን ያቀረቡትን ወራሾች አዩዋቸው።

«ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የለኝም» ለምትሉ፦ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ የመክሰስ መብት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተጽፏል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎችም አሏቸው። ስትመጡ የድህነት ማስረጃውን ከወረዳችሁ፣ የቤቱን ካርታ ቅጂ ከመሳቢያችሁ ይዛችሁ ኑ። ልጁንም ይዛችሁት ኑ፤ መጀመሪያ የማነጋግረው እሱን ነው።