«የተበላሸው ይቅደም» እና ሌሎች አስፋልት የሚጨርሱ አመለካከቶች

«መጀመሪያ በጣም የተበላሸው መንገድ ይሠራ»

ይህን ከታክሲ እስከ ስብሰባ አዳራሽ የማይለው የለም። ፍትሐዊም ይመስላል። ግን እንደ አዲስ አበባ መንገዱ ብዙ፣ በጀቱ ትንሽ ለሆነ ከተማ ከዚህ የባሰ አክሳሪ አካሄድ የለም። ፈርሶ ያለቀ መንገድ ከሥሩ ተቆፍሮ እንደ አዲስ ነው የሚሠራው፤ ዘንድሮም ተሠራ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሥራው ያው ነው። ገና ደህና የሆነው ግን አይጠብቅም። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መንገዶች ኤጀንሲ የሚጠቅሰው ስሌት አለ፦ ጥገና 3 ዓመት ከተረሳ ወጪው 6 እጥፍ፣ 5 ዓመት ከተረሳ 18 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ብሩን ሁሉ አንድ የፈረሰ መንገድ ሲበላው፣ በትንሽ ወጪ ይድኑ የነበሩ ብዙ መንገዶች ተራ በተራ ይፈርሳሉ። ሰው የሚጎዳ ጉድጓድ ይደፈን፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ዋናው በጀት ግን ደህናውን ደህና አድርጎ ለማቆየት ይዋል።

«ጉድጓድ ከሌለው ምን ይነካካል?»

ፀሐይ ሬንጁን ታደርቀዋለች፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከሥር ያለው ጠጠርና አፈር ይላላል፣ ጎማ ሲመላለስበት ይሰምጣል። ጉድጓዱ የመጨረሻው ምልክት ነው። ስንጥቅ የሚደፈነው በበጋ፣ ሰኔ ሳይገባ ነው።

«መንገዱን የጨረሰው የመኪና ብዛት ነው»

ብዛቱ ሳይሆን ክብደቱ ነው። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ መሠረት፣ ጉዳቱ የሚጨምረው በግምት በአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማ በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ባለው ጭነት አራተኛ ርቢ ነው፤ ማለትም ጭነቱ በስንት እጥፍ ቢጨምር ያ ቁጥር አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል (10×10×10×10)። 10 ቶን የተሸከመ አክስል 1 ቶን ከተሸከመው 10,000 ጊዜ ያህል ይጎዳል! 10 ቶን ለተፈቀደለት 12 ከተጫነበት ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ሺህ ቪትዝ ከማባረር ከልክ በላይ የጫነን አንድ ሲኖትራክ ማስቆም ይሻላል።

«ክረምቱ ነው ያበላሸው»

ዝናቡ ሳይሆን መሄጃ ያጣው ውሃ ነው። ይህ በጣም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም መፍትሔው፣ ማለትም የውሃ መውረጃ ቱቦውን መጥረግ፣ አካፋና የሰው ጉልበት ብቻ ነው የሚፈልገው። ቱቦውን የዘጋው የኛው ፌስታልና ሃይላንድ ነው።

«አስፋልት ተነጥፎ ወዲያው መቆፈሩ ምንም ማድረግ አይቻልም»

ይቻላል። የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ መሥሪያ ቤቶች የዓመት ዕቅዳቸውን ከንጣፉ በፊት ያምጡ። የቆፈረም በደንብ ጠቅጥቆ ይመልስ፤ በአፈር ተሸፍኖ የተተወ ቦይ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል፣ ዳር ዳሩንም ይዞ ይሄዳል።