ከብቱ ኮሶን የሚወስደው ከማን ነው? ስለ ኮሶ ትል የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ትናንት የበላሁት ቁርጥ ነው ያስያዘኝ»

አይደለም። ዛሬ ውስጥ ልብስ ላይ ሲንቀሳቀስ የታየው ነጭ ጠፍጣፋ የኮሶ ትል ቁራጭ ከሦስት ወር ገደማ በፊት የተበላ ሥጋ ውጤት ነው። ከሥጋው ጋር የተዋጠው እጭ አንጀት ላይ ተጣብቆ፣ አድጎ፣ ቁራጭ መጣል እስኪጀምር ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። በፋሲካ ቅርጫ የገባ ኮሶ ራሱን የሚያሳየው ክረምት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የገዙበትን ሥጋ ቤት መራገም ትርፉ ድካም ነው።

«ኮሶ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ በእኔ እይታ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተንም እሱ ነው። የበሬው ኮሶ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቴኒያ ሳጂናታ፣ ሙሉ ትል ሆኖ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። በሬው የሚያዘው ከእኛ ነው። አንድ የበሰለ ቁራጭ በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል። ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ ሰው ወይም ከሚያፈስ ሽንት ቤት ተነስቶ ግጦሽ ላይ ይበተናል፤ እርጥበት ካገኘ ደግሞ ሣሩ ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ከብቱ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፣ እጩ በደም ተጉዞ ጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል፣ እኛም ጥሬውን ስንበላው ዙሩ ይገጥማል። ሽንት ቤት የሌለው እረኛ ባለበት ቦታ ስለ በሬው ብቻ ማውራት ነገሩን በጅራቱ መያዝ ነው።

«ማኅተም ያለው ሥጋ ኮሶ የለበትም»

የቄራ መርማሪ የመንጋጋውን፣ የምላሱን፣ የልቡንና የወርቹን ጡንቻ በቢላ ሰንጠቅ እያደረገ ያያል። የሚፈልገው እጩን የያዘች፣ አተር የምታህል፣ ውኃ የቋጠረች፣ መሃሏ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባት ከረጢት ነው። ሥጋው ሁሉ ከተወረረ ያገኛታል። በሙሉ በሬ ውስጥ ሦስት አራት ብቻ ካሉ ግን በእነዚያ ጥቂት ስንጥቆች ላይ የመገጣጠሟ ዕድል ጠባብ ነው። በጥናት ወቅት ጡንቻዎቹን በስሱ እየቆራረጡ የመረመሩ ባለሙያዎች በተለመደው ፍተሻ ከተገኘው ብዙ እጥፍ አግኝተዋል። ስለዚህ ማኅተሙ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ዋስትና አይደለም። «እኔ ዓይኔ ስል ነው፣ ሻኛውን አይቼ ነው የማስቆርጠው» የሚለውም ያው ነው፤ ሥጋ ቤት መብራት ሥር ቆሞ ያን ማየት ይቅርና መርማሪውም ያመልጠዋል።

«ሚጥሚጣ፣ አዋዜና አረቄ ይገድሉታል»

ከረጢቷ ያለችው ሥጋው መሃል ነው፤ ሚጥሚጣው የሚነካው ላዩን ነው። አረቄውም ሆድ ውስጥ ሲደርስ ተበርዟል። የሚገድላት መሃሉ ድረስ የዘለቀ ሙቀት ነው፦ ከ60 ዲግሪ በላይ። ለብ ለብ እዚያ አይደርስም። ቁርጥ መተው ለማይችል ሰው ሌላው መንገድ ማቀዝቀዝ ነው፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን የቆየ ሥጋ ከኮሶው ነፃ ነው። ባክቴሪያውን ግን ብርድ አያጠፋውም።

«ኮሶ ወደ ጭንቅላት ይወጣል» እና «እኛ አሳማ አንበላም፣ አይመለከተንም»

ሁለቱን አንድ ላይ ያደረግሁት አንዱ ያለ ምክንያት ስለሚያስፈራ፣ ሌላው ያለ ምክንያት ስለሚያዘናጋ ነው። የበሬው ኮሶ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም፤ እንቁላሉ በሰው አካል ውስጥ ወደ ከረጢት አያድግም። የአሳማው ዘመድ፣ ቴኒያ ሶልየም፣ ግን ያደርገዋል። እንቁላሉን የዋጠ ሰው እንደ አሳማው ሁሉ በጡንቻው፣ በዓይኑና በአንጎሉ ከረጢት ያበቅላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትሉ በተስፋፋባቸው አገሮች የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች 30 በመቶ ያህሉ መነሻው እሱ ነው።

ልብ ይበሉ፣ እንቁላሉ ያለው በአሳማ ሥጋ ውስጥ ሳይሆን ትሉ ባለበት ሰው ሰገራ ውስጥ ነው። በ1992 የታተመ አንድ ጥናት በኒው ዮርክ ከተማ በሚኖሩ አጥባቂ አይሁዳውያን መካከል አራት ሰዎች በዚሁ በሽታ ራሳቸውን ስተው ሲንቀጠቀጡ እንደተገኙ ያትታል። የአሳማ ሥጋ ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። ምርመራው ወደ ወጥ ቤት ሲዞር ከቤት ሠራተኞቹ መካከል ትሉ ያለበት ሰው ተገኘ። ትሉ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለሌለው የያዘው ሰው ራሱ ላያውቅ ይችላል። በሥርዓት ያልታጠበ እጅ ከበቂ በላይ ነው። ጾመኛም ሙስሊምም አትክልት ብቻ የሚበላም ከዚህ አያመልጥም።

ደግነቱ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በሰሜን ፔሩ ተመራማሪዎች ሰዎቹንም አሳማዎቹንም በመድኃኒት አክመው፣ አሳማዎቹን ከትበው፣ ከ107 መንደሮች በ105ቱ ስርጭቱን ማቆማቸውን በ2016 አሳትመዋል። አሳማውን ብቻ ወይም ሰውን ብቻ ቢይዙ ኖሮ አይሳካም ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ውኃ የቋጠረ ጉበት የበላ ሰው ይታመማል፣ ለውሻ ጣለው»

በትክክል የተገላቢጦሽ። በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ የሚታየው ውኃ ያዘለ ኳስ የሌላ ትል፣ የኢኪኖኮከስ እጭ ሊሆን ይችላል። ለውሻ ሲጣል ውሻው አንጀት ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ይፈላሉ፤ እንቁላላቸው በሰገራው ወጥቶ ጸጉሩ ላይ፣ ጓሮው ውስጥ፣ ከዚያም ልጁ እጅ ላይ ይገኛል። ሰው ውስጥ ከገባ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ዓመታት ወስዶ ያብጣል፤ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። አይስላንድ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣም የተስፋፋ ነበር፤ የታመመውን የሆድ ዕቃ ከውሻ በማራቅና ውሾቹን በማከም ጠፍቷል። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ይበቃል።

«የኮሶ አበባ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም»

የኮሶ አበባ በእርግጥ ይሠራል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ሳይቀሩ ሸጠውታል። ችግሩ መጠኑ ነው። ዕፍኝ ይለያያል፣ አበባው ይለያያል፤ ከመጠን በላይ የጠጡ ሰዎች የዓይን ብርሃን እስከማጣት መድረሳቸው በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ነፍሰ ጡር ጭራሽ መቅመስ የለባትም።

«አንድ አልቤንዳዞል ውጬ ተገላገልኩ»

ለወስፋት ጥሩ ነው፤ ለኮሶ አንድ ፍሬ አስተማማኝ አይደለም። የኮሶው መድኃኒቶች ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ጊዜ ይወሰዳሉ። ራሱን ስቶ የሚወድቅ ወይም የማያቋርጥ ራስ ምታት ያለበት ሰው ግን ፕራዚኳንቴልን ያለ ሐኪም አይንካ፤ አንጎል ውስጥ ከረጢት ካለ መድኃኒቱ እብጠት ሊቀሰቅስ ይችላል። ትሉ ብዙ ጊዜ ተበጣጥሶ ስለሚወጣ ጭንቅላቱን ሰገራ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው። መዳን አለመዳንዎ የሚታወቀው በሦስተኛው ወር ሰገራ ሲመረመር ነው፤ ጭንቅላቱ ቀርቶ ከሆነ ቁራጩ ተመልሶ የሚታየው ያኔ ነውና።