ጓሮ ዶሮና የዱር እንስሳት፦ ሰው ተሳስቶ የሚያምናቸው ነገሮችና እውነታው

ጓሮው ዶሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚፈራው ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ነው። እሺ ይፈሩ፣ ግን ጭልፊት ቢመጣ አንድ ዶሮ ነው ይዞ የሚሄደው፣ መኖው ላይ ኩሷን ጥላ የምትበር ወፍ ግን ዶሮ ቤቱን ባዶ ልታስቀረው ትችላለች።

«ወፏ ጤነኛ ናት፣ ምን ታመጣለች?»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የዱር ዳክዬ የወፍ ጉንፋን (በርድ ፍሉ የሚባለው) ቫይረስ ይዞ ምንም ሳይሆን ሲበር ሊውል ይችላል፣ ቫይረሱ በኩሱ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ደሞ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዳክዬ ከሚያርፍበት ኩሬ ቀድቶ ለዶሮ መስጠት ይቅር። እርግብም ንፁህ አይደለችም፣ ከፈንግል (ኒውካስል የሚባለው የዶሮ በሽታ) ቫይረስ ዓይነቶች አንዱን ታዛምታለች። ደሞ ወፍ ዶሮ ቤት ባትገባም እናንተ ውጪ ኩስ ረግጣችሁ ለዶሮዋ ታስገቡላታላችሁ እኮ፣ ለዶሮ ቤት ብቻ የሚሆን ጫማ በሩ ላይ አስቀምጡ።

«በሽቦ አጥሬዋለሁ፣ አለቀ»

ያ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ነው የሚጠቅመው እንጂ አይጥ አያቆምም። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ካገኘች ትሾልካለች። ከላይ መረብ ብቻ ከሆነ ደሞ ወፍ እላዩ አርፋ የምትጥለው ቀጥታ መኖው ላይ ነው የሚወርደው፣ ቢያንስ ከመኖውና ከውሃው በላይ ቆርቆሮ ወይ ላስቲክ ይሁን።

«ድመት አለችን»

አይጡን ትያዝ። ግን መኖ ፈሶ የሚያድር ከሆነ አይጡ አያልቅም፣ ማታ መመገቢያውን አንሱ፣ የተረፈውን ክዳን ያለው ነገር ውስጥ ክተቱ። አይጥ የምታመጣው ሳልሞኔላ (ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ) በእንቁላሉ በኩል እናንተም ጋ ሊደርስ ይችላል።

«ላባቸውን ገልጬ አይቻለሁ፣ ቅንቅን የለባቸውም»

መቼ ነው ያያችሁት? ቀን ከሆነ አይቆጠርም። ቀዩ ቅንቅን ቀን ቀን ዶሮ ላይ አይገኝም፣ ቆጡ ስንጥቅና መጋጠሚያ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሲመሽ ወጥቶ ደም መጥጦ ይመለሳል፣ የዱር ወፎችም ያመጡታል፣ በተለይ ጣራው ስር ጎጆ ከሰሩ። ስለዚህ ከመሸ በኋላ ባትሪ ይዛችሁ የቆጡን የታችኛውን ጎን እዩ፣ ወይ ነጭ ወረቀት አሹበት፣ ቀይ ደም ከነካው በቃ አለ ማለት ነው። ዶሮዋ ኩክኔዋ (አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ) ነጣ ካለ፣ እንቁላል ከቀነሰች፣ ማታ ቤት አልገባም ካለች እሱን ጠርጥሩ። ብዙ ሰው አንዴ መድኃኒት ይረጭና ጨረስኩ ይላል፣ የቅንቅኑ እንቁላል ግን ተርፎ እንደገና ይፈለፈላል፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ መድገም ነው (መድኃኒቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ)፣ መጀመሪያ ደሞ ኩሱንና አቧራውን ጠርጉ። «ቤቱን ትንሽ ጊዜ ባዶ ልተወውና ይሞታል» የሚሉም አሉ፣ ቅንቅኑ ሳይበላ ለወራት ይቆያል፣ አትልፉ።

«ፈንግል ከገባ አንቲባዮቲክ እሰጣለሁ»

ፈንግል ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚም እንደዛው። ያለው ነገር አስቀድሞ መከተብና ክትባቱን በጊዜው መድገም ነው። አዲስ ዶሮ ስትገዙም ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ከተቻለ ወር፣ ለብቻ አቆዩ። ድንገት ብዙ ዶሮ ከሞተ፣ ወይ ጭንቅላታቸው ካበጠና ኩክኔያቸው ከጠቆረ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ የሞተውን በባዶ እጅ አትንኩ፣ የተረፉትን ለመሸጥ አትሩጡ፣ የታመመውንም «ሳይሞት እንረደው» አትበሉ።