የወሎ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ

የተማሪ ጋዜጠኝነት በወሎ ሲባል በአብዛኛው ሚኒ ሚዲያ ማለት ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ያውቀዋል። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አምፕሊፋየር፣ አልፎ አልፎ የሚያፏጭ ማይክ፣ ግቢው ውስጥ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ። ከሌሎቹ ክበባት ጋር በትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሲሆን ብዙ ጊዜ አንድ የቋንቋ መምህር ያስተባብረዋል።

ድምፁ የሚሰማው ጠዋት በሰልፍ ሰዓትና በእረፍት ላይ ነው። ዜና፣ የጤና ምክር፣ ግጥም፣ ጥያቄና መልስ፣ የጠፋ ደብተር፣ ከዚያ ዘፈን። አምባሰል ወይም ባቲ ከሆነማ ቅኝቱም የሰፈር ልጅ ነው። በከሚሴ በኩል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ስለሚሰጥ ማይኩም ኦሮምኛ ይናገራል።

ችግሩ፣ ዜና ተብሎ የሚነበበው አብዛኛው ማስታወቂያ መሆኑ ነው። "የፈተና ፕሮግራም ወጥቷል" ማለት ከቢሮ የመጣ ወረቀት ማንበብ ነው። የግቢው ቧንቧ ውሃ ካቆመ ግን ሌላ ሥራ ይመጣል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሄዳ ስንቱ ቧንቧ እንደሚሠራ ትቆጥራለች። የጥበቃ ሠራተኛውን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ትጠይቃለች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብታ መቼ እንደሚጠገን ታስጽፋለች። ሦስቱን አስተያይታ አራት ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። ወሬን ከመረጃ መለየት የሚለመደው እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራም የመጣውን ሁሉ ሳያጣሩ ለሚያስተላልፉ ልጆች ከዚህ የተሻለ ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

ወሎ ለዚህ ጉዳይ ባዳ አይደለም። ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ልሳን ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣውን ጽሑፍ ወደዱትም ጠሉትም፣ አገር እስካሁን ይከራከርበታል። በ1965 ዓ.ም ደግሞ ወሎ ሲራብ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ይዞት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱትን ፎቶ በግቢያቸው አሳዩ። ዓለም በሰፊው የሰማው ግን በጥቅምት 1966 ዓ.ም፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያየውን በቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው። የወሎን ችግር ለዓለም የነገረው ከሩቅ የመጣ ሰው ነበር ማለት ነው።

ሕጉ ከተማሪው ጎን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ይሰጣል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 13 ይህንኑ ለልጆች ያረጋግጣል።

ዕቃውስ? በ2014 ዓ.ም ጦርነት በሰሜንና በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ኮምፒዩተር በተወሰደበት ግቢ አምፕሊፋየር ይተርፋል ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎች ማይክ ቢገዙ ጥሩ ነው፣ ደግ አደረጉ። ከማይኩ በላይ ግን አስተባባሪ መምህሩ ላይ ነው ነገሩ። ጽሑፉ ከመነበቡ በፊት ያየዋል። ስህተት ቢያርም ሥራው ነው። የቧንቧውን ዜና "ይቅርብን" ብሎ ቢሰርዘው ግን ልጅቷ በሚቀጥለው ሳምንት ይዛ የምትመጣው የጤና ምክር ብቻ ነው። መምህሩ ራሱም የሚፈራው አለቃ አለው። ለዚህ ነው ርዕሰ መምህሩ ምን ምን መጠየቅ እንደሚቻል ገና መስከረም ላይ ከክበቡ ጋር ተነጋግሮ በጽሑፍ ቢያስቀምጠው የሚሻለው። የ9ኛ ክፍል ልጆችም ያኔውኑ ማይኩ አጠገብ ይቀመጡ። አለዚያ 12ኛ ክፍሎች ተፈትነው ሲወጡ ክበቡም አብሯቸው ይወጣል።