አስተያየት ጽፎ የሚገኝ የሽልማት ነጥብ ምንድን ነው?

ሺን በሚባለው የኦንላይን ልብስ ሱቅ አዝዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዕቃው ደርሶ ገና ከላስቲኩ ሳይወጣ ስልክ ላይ መልእክት ይመጣል፦ አስተያየት ጻፉ፣ ነጥብ ውሰዱ።

ነጥብ ማለት ሱቁ ራሱ ያወጣው፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ብቻ የሚሠራ የቅናሽ ሒሳብ ነው። ገንዘብ አይደለም። ለሰው አትልኩትም፣ ባንክ አታስገቡትም፣ ማብቂያ ቀን አለው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስፔሪ ኤንድ ሃቺንሰን የሚባል ድርጅት በፈረንጆቹ 1896 «አረንጓዴ ቴምብር» ጀመረ። ባለሱቆች ቴምብሩን ከድርጅቱ ይገዛሉ፣ ለደንበኛ በገዛው ልክ ይሰጣሉ፣ ደንበኛው ደብተር ላይ እየለጠፈ ያጠራቅማል፣ ደብተሩ ሲሞላ በዕቃ ይቀይረዋል። ያኔ ቴምብር የሚያገኘው የገዛ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ስለገዛው ነገር ለሚናገርም ይሰጣል፣ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው።

ለምን ይሰጣል? ኦንላይን ሱቅ የመሞከሪያ ክፍል የለውማ! አንዲት ሴት ቀሚሱን ለብሳ ፎቶ አንስታ «ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው፣ ኤም አዘዝኩ፣ ደረቱ ጠበበኝ» ብላ ስትጽፍ የመሞከሪያ ክፍሉን ሥራ ሠራችላቸው። አዲስ አበባ ሆኖ በዘመድ ሻንጣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለሚያስመጣ ሰው ደግሞ ዕቃ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ለእሱ ያቺ አንድ መስመር ከሱቁ መግለጫ ሁሉ ትበልጣለች።

ክፍያውስ? ሺን ላይ 100 ነጥብ 1 ዶላር ነው። የተለመደው አሰጣጥ ለጽሑፍ ብቻ 5፣ ፎቶ ሲኖረው 10፣ የሳይዝ መረጃ ሲጨመር ደግሞ ተጨማሪ 2 ነው፣ በአንድ ዕቃ ቢበዛ 12 መሆኑ ነው። ስለዚህ ከአስተያየት ብቻ አንድ ዶላር ለመሙላት ዘጠኝ ዕቃ ገዝታችሁ፣ ዘጠኝ ጊዜ ፎቶ አንስታችሁ፣ ዘጠኝ ጊዜ መጻፍ አለባችሁ። ነጥብ ለማግኘት ብሎ የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት በምንም ስሌት አያዋጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ነጥቡ የሚከፈለው ለመጻፍ እንጂ እውነት ለመጻፍ አይደለም። ስለዚህ ከነላስቲኩ የተነሳ ፎቶና «አሪፍ ነው» የምትል ቃል ይበዛል፣ ያንን አምኖ የሚገዛው ሰው ይጎዳል። አማዞን በ2016 በነጻ ወይም በቅናሽ ዕቃ የሚጻፉ አስተያየቶችን፣ ጸሐፊዎቹን ራሱ ከሚመርጥበት «ቫይን» ፕሮግራም በቀር፣ የከለከለው በዚህ ዓይነት ችግር ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ከጥቅምት 2024 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) የሚሠራ ደንብ አውጥቷል፦ አስተያየቱ ጥሩ ወይም መጥፎ እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ሽልማት መስጠት ክልክል ነው። ለአስተያየት ነጥብ መስጠት ይቻላል፣ «አምስት ኮከብ ከሰጣችሁ» ማለት ግን አይቻልም።

ከዕቃችሁ ጋር «አምስት ኮከብ ከሰጣችሁ እንሸልማለን» የሚል ካርድ ከመጣላችሁ ተዉት። ነጥቡን ከፈለጋችሁ ልብሱን ለብሳችሁ ፎቶ አንስታችሁ፣ አንዴ አጥባችሁ፣ ቀለሙ ለቀቀ ወይስ አለቀቀም የሚለውን ከነቁመታችሁና ከነሳይዛችሁ ጻፉ። 12ቱ ነጥብ ያው 12 ነው።